የምሥጋና መተንፈሻ

ምሥጋና የሞተው የኦክስጅን ጭምብል ፊቱ ላይ እንደታሰረ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ የተቀጠረለት የቡሬ ልጅ፣ አየር በሞላበት አገር አየር አጥቶ ሞተ። ኢንስፔክተር አምለሰት ተጠርታ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ አንዲት ብልቃጥ አሳያት።

«ከሳንባው በቱቦ የሳብነው ነው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አየሽው? ዘይት ነው።»

«ቢጠጣውስ?» አለች። ብርድ መቷት ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሆዱ ይገባ ነበር። ይሄ በትንፋሽ የገባ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን አይደለም። ቬፕ ያጨስ ነበር አሉ፤ ያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። እሱ ብቻውንም ሳንባውን ሲያቆስለው ከርሟል። ዘይቱ ጨረሰው።»

አምለሰት ብዙም ሳትጠይቅ ወደ ቡሬ ተነሣች። ባልደረቦቿ እሷ ዝም ካለች ጥፋተኛው ቶሎ ቢናገር ይሻለዋል ይላሉ።

ቡሬ ላይ ግን ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ከተማው ገዳዩን አውቆ ጨርሷል፤ ሞባይል ቤት ያለው ያረጋል፣ የሟች አብሮ አደግ፣ ቬፑንም ፈሳሹንም የሸጠለት። ምሥጋና ከሱቁ በር ቆሞ «ምን ጨምረህበት ነው? ጉሮሮዬን አቃጠለኝ!» እያለ ሲጮህበት ያልሰማ የለም። የሟች ታላቅ ወንድም ቻላቸው ከጅጋ ገጠር ጠመንጃውን አንግቶ መጥቶ ከለቅሶው ድንኳን ተቀምጧል። «መንግሥት ቢለቀው እኔ አልለቀውም» ብሏል። እንዲህ ያለ ቃል በዚህ አገር ለወግ አይነገርም።

ያረጋልን ጣቢያ ታስሮ፣ እያሳለ አገኘችው።

«ምን ጨመርህበት?»

«ምንም! እኔም ከዚያው ጠርሙስ ነው የምስበው። ግማሹን ለሱ ቀዳሁለት፣ ግማሹ ሱቅ አለ።» ሳል አቋረጠው።

«ታዲያ ለምን አቃጠለኝ አለህ?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። እኔን ምንም አላደረገኝ።»

«እንዲህ እያሳለህ?»



ቀጥላ የሟችን እጮኛ፣ መምህርት መሰረትን ጠየቀች። በቬፑ ጠብ ቀለበት ልትመልስለት ደርሳ ነበር ይባላል፤ እሷም አልካደችም።

«ተው እያልሁ ደከመኝ። 'ሲጋራ አይደለም፣ እንፋሎት ነው' ይለኛል። ዳገት መውጣት አቅቶት መሀል መንገድ እየተቀመጠ እንኳ!»

«እናቱስ ያውቁ ነበር?»

መሰረት ከእንባዋ ጋር ፈገግ አለች። «እማማ? እሳቸው ሰምተው ሊቀመጡ! አንድ ቀን እጁ ላይ ቢያዩበት 'ሐኪም ያዘዘልኝ የአስም መተንፈሻ ነው' ብሎ ዳነ።»

የሟች እናት ወይዘሮ ቻይነሽ ቬፑን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከሥዕለ ማርያሙ ሥር አኑረውት ነበር። አውርደው ሰጧት።

«መተንፈሻው ነው፣ ልጄ። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ረስተውት ሄዱ። እሱ አብሮት ቢሆን ይተርፍልኝ ነበር ይሆን?»

አምለሰት ልትመልስ ብትሞክር ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

«ውይ፣ ብርድ መቶሻል! ጥቁር አዝሙድ ዘይት ላምጣልሽ፤ ለደረት እሱን የሚያህል የለም» ብለው፣ በዚያ ሐዘናቸው ላይ ተነሡ። የዘይቱ ብልቃጥም የነበረችው ከዚያው ከሥዕሉ ሥር ነው።

አምለሰት ጠብታውን በመዳፏ ተቀብላ አሸተተችው። ዞር ብላ ደግሞ ቬፑን አሸተተች። ከናናው ሽታ ሥር ያው ጥቁር አዝሙድ ነበረ። ያን ጊዜ ፖሊስነቷን ጠላችው። ዝም ብትል ቻላቸው ያረጋልን ይገድለዋል፤ ብትናገር እኚህን እናት የምትገድል እሷ ናት።

በሰልስቱ ያረጋልን በፖሊስ አስይዛ ድንኳኑ ገባች። ቻላቸው ጠመንጃውን ሳበ።

«ቁጭ በል» አለችው። «መጀመሪያ ስማ።»

ውሃ የተሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች አስቀረበች። «ይሄ ከያረጋል ሱቅ የተገኘው ጠርሙስ ነው።» ጠብታዋ ውሃው ውስጥ ገብታ ጠፋች። «ዘይት ቢኖርበት ይንሳፈፍ ነበር። ይሄ ደግሞ ከምሥጋና ቬፕ የወጣ ነው።» ሁለተኛዋ ጠብታ ውሃው ላይ ተንጣልላ ቀረች። «ስለዚህ ዘይቱ የተጨመረው ፈሳሹ ከሱቅ ከወጣ ወዲያ ነው።»

«መሰረት ናታ!» አለ ቻላቸው።

«መሰረት ብታገኘው ትሰብረው ነበር እንጂ አትሞላውም። ጠርጎ፣ ሞልቶ የሚያስቀምጠው መድኃኒት ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ምሥጋና መድኃኒት ነው ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የሚያጨሰው ያስለዋል፤ ሲያስለው ያ ሰው ለደረት የሚበጅ ያክልለታል፤ ሲያክልለት ይብስበታል፤ ሲብስበት ይጨምርለታል። ቻላቸው፣ ወንድምህ ጠላት አልነበረውም።»

ስም አልጠራችም፤ ሊወጣትም አልቻለም።

«ጠብታ ነበር» አሉ ወይዘሮ ቻይነሽ ቀስ ብለው። «ጧት ጧት፣ ተኝቶ ሳለ። ሳሉ ሲጠናበት ሁለት አደረግሁለት።» ከዚያ ወደ ቻላቸው ዞሩ። «ደም መላሽ፣ ተነሣ እንጂ። ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ቻላቸው ጠመንጃውን መሬት አስተኝቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ። የያረጋል እጅ ተፈታ፤ እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እማማ፣ እርስዎ ልጅዎን አልገደሉም» አለች አምለሰት።

አልሰሟትም። ዓይናቸው ያረጋል ላይ ነበር።

«የሸጥህለት አንተ ነህ» አሉት። «መድኃኒት ካልነበረ፣ ታዲያ ምን ነበር፣ ልጄ?»

ያረጋል ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው።