ያልረጋው ወተት

ወተቱ አልረጋም ብዬ ስጮህ የሰማኝ አልነበረም። ቢያድግልኝ የሚባለው የካምፑ ልጅ ሲሞት ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለኮኪት ሰሊጥ አጫጆች እርጎ የማቀርበው እኔ ታይቱ ነኝ፤ ልጁ ደግሞ ሆዱ ሲሄድበት ሰንብቶ ነበርና «አሮጊቷ መረዘችው» ተባልሁ። ካቦው ደምለው እርጎዬን መሬት ላይ ደፍቶ ከካምፑ አባረረኝ። ያን ሰሞን ሠራተኛው ሁሉ ጉንፋን ይዞት ያስላል።

ኢንስፔክተር እስከዳር መጣች። ቀጭን ናት፤ ነፋስ የሚወስዳት መስላኝ ናቅኋት። አስከሬኑን አይታ እኔ ዘንድ መጣችና መደብ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ከእርጎው ማን ማን ጠጣ?»

«ያልጠጣውን ብትጠይቂ ይቀልሻል! ሁሉም ከትልቁ ቅል ጠጥቷል። ያስላሉ፤ ግን ቆመው ይሄዳሉ።»

«ቢያድግልኝስ?»

«ለሱ ጥሬውን ወተት በትንሿ ቅል እሰድለት ነበር። ወጥ ቤት የምትሠራው እህቱ እመቤት ታረጋለታለች። አልረጋ አለ እንጂ! በዚህ ሐሩር ወተት ሳይረጋ ሲሰነብት አይተሽ ታውቂያለሽ? የደምለው ዓይን ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

«ቅሉ አዲስ ነው?»

«አሮጌ ነው። እርሾው ከውስጡ አይጠፋም።»

ወጥ ቤቱን ልታይ ሄደች። እመቤት እያሳለች ከጥግ ተቀምጣለች። እስከዳር ከምድጃው ሥር ቀይና ቢጫ የኪኒን ቅርፊት አነሣችና ወደ መድኃኒት ሻጩ ሰፍዋን አመራች። እኔም ተከተልኋት፤ ማን ይከለክለኛል?

«ይኼን ከአንተ ማን ይገዛል?»

«ዋላሂ፣ ሁሉም! ማጭድ ሲቆርጣቸው ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሱታል።»

«ከሁሉ አብዝቶ የሚገዛው?»

«እመቤት።»

በማግስቱ ሁላችንንም ወጥ ቤቱ ደጅ ሰበሰበችን። ከእኔው ወተትና እርሾ በሁለት ብርጭቆ አሳድራ፣ በአንዱ ያን ዱቄት ጨምራበት ነበር። አንዱ ረግቷል። ዱቄት የገባበት እንደ ውኃ ፈሰሰ።

«ዱቄቱ ወተት የሚያረጉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላል» አለች። «እመቤት፣ አንቺ ማጭድ አትይዢም። እጅሽ ላይ ጭረት የለም። ለየትኛው ቁስል ነው የምትገዢው?»

ልጅቱ ተንሰቀሰቀች። «እንዳይታመምብኝ ብዬ ነው! ኪኒን አልውጥም ሲለኝ፣ ከመከሩ መግቢያ ጀምሮ በወተቱ እያደረግሁ...»

እስከዳር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠይቄዋለሁ። ጉንፋኑ ከቫይረስ ነው፤ ይህ መድኃኒት አይነካውም። አንጀት ውስጥ ያሉትን፣ ሰውነታችን በሽታን ሲከላከል የሚያግዙትን ደግ ተሕዋስያን ግን ይጨርሳል። ሆዱ የሄደበትም ለዚህ ይመስላል። የገደለው ሳል የያዘው እንዲህ ከደከመ በኋላ ነው። ባይወስድ ይተርፍ ነበር? እሱን እኔም ሐኪሙም አናውቅም። መርዝ ግን የለም። ገዳይ ብዬ የማስረውም ሰው የለኝም።»

በዕድሜዬ የምሰድበው ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አጣሁ። እመቤት ታስላለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

ደምለው ቆቡን አውልቆ ቀረበኝ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታህን ለራስህ ያዘው» ብዬ እርጎ የሞላውን ቅሌን አቀበልሁት። «ሰው ሁሉ እያየህ፣ እዚሁ ቀድመህ ጠጣ። ከዚያ ለዚች ልጅ በእጅህ ስጣት። እሷንም እንዳታስቀብረኝ።»