በአስተዳዳሪ ትዕዛዝ

ሬሳው ጓሮ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከጎኑ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የእንጨት መሰላል፣ ከበላዩ ጣሪያው ላይ የክሊኒኩ የኢንተርኔት አንቴና። ጠዋት የጣለው የነሐሴ ዝናብ ጓሮውን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል።

ሟቹ ደግሰው ወልደ ሐዋርያት ይባላል። የጽጽቃ ልጅ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ባለው በዚህ የበጎ አድራጎት የሕፃናት ክሊኒክ የሕፃናቱ ካርድ፣ የመድኃኒቱና የአልሚ ምግቡ ገቢና ወጪ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሠራተኞቹ ከምሳ ሲመለሱ የኋላ ራሱ ተፈንክቶ፣ ትንፋሹ ወጥቶ አገኙት።

ኢንስፔክተር የትናየት ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ወንዳወቅ ምርመራውን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት።

«ሰሞኑን ሲስተሙ እየተቆረጠ አስቸግሮን ነበር» አላት። «አንቴናውን ላስተካክል ብሎ ወጣ፤ አዳለጠውና ወደቀ። በቃ፣ የእግዜር ሥራ ነው። አንቺም አትድከሚ እህቴ፤ ቤተሰቡ ይውሰድና ይቅበረው።»

«ኢንስፔክተር ይበሉኝ። ሲወጣ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ይህን ጥያቄ የትናየት በሥራዋ ላይ ደጋግማ ሰምታዋለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት መልሱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ሸራ ጫማ ገልብጣ አየች። ሶሉ ንጹሕ ነው። ከዚያ መሰላሉን አየችው። እግሮቹ ጭቃው ላይ አርፈዋል እንጂ አልጠለቁም። የመጀመሪያውን እርከን ረገጥ ስታደርገው ሁለቱም እግሮቹ ጭቃው ውስጥ ስምጥ አሉ። ወረደች።

«መሰላል መውጣትም ያምርሻል?» ብሎ ሳቀ ወንዳወቅ።

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫት አስሯል፤ እግሩ ላይ ያለው ግን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው።

«ጫማዎትስ?»

«ሊስትሮ ጋ ነው» አለና ስልኩን ማየት ጀመረ።

የክሊኒኩን ዕቃ ግምጃ ቤት የምትይዘው ሲስተር ተናኘ ዐይኗ በለቅሶ ቀልቷል። የትናየት ኮሪደሩ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«ሲስተሙ የሚቆረጠው መቼ ነው?»

«ምን መቼ አለው? ሁልጊዜ ነው።»

«ሁልጊዜ የሚባል ጊዜ የለም፣ ሲስተር። ምን እየሠራሽ እያለ?»

ተናኘ አሰበች። «አልሚ ምግብ ሲመጣ ነው። ገቢ ስመዘግብ ግማሽ ላይ ይቆረጥና የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። አቶ ወንዳወቅ ‹ነገ ትሞክሪዋለሽ› ይሉኛል። በማግስቱ ይሠራል።»

«በማግስቱ የመጣው ካርቶን ቁጥሩ ያው ነው?»

«ሳልመዘግበው እንዴት አውቃለሁ?» አለች ተናኘ ቀስ ብላ።

«ሲቆረጥ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር። ‹ኦኬ› ብዬ አጠፋዋለሁ።»

የትናየት በረጅሙ ተነፈሰች። ግድግዳው ሁሉ በዲግሪና በምስክር ወረቀት ተሸፍኗል። በዚህ ሁሉ ምሩቅ መካከል አንዲት መስመር ለማንበብ የደከመ ሰው አንድ ደግሰው ብቻ ነበር።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ትናንት ‹ሰርቨሩ አልታመመም› አለኝ። ‹ታዲያ ምንድን ነው?› ስለው ‹መጀመሪያ ለአለቆቼ ልንገር› አለ።»

በዚህ መካከል ከወልዲያ አልሚ ምግብ የጫነ መኪና ደረሰ። የትናየት ኮሪደሩ ላይ፣ ወንዳወቅ በሚሰማበት፣ «ሲስተር፣ ዛሬውኑ ገቢ አድርጊው» አለች ጮክ ብላ። ጠጋ ብላ ደግሞ፣ «ከተቆረጠ አታጥፊው፤ ጥሪኝ» አለቻት።

ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ወደ ዶክተር ፈንታሁን ክፍል ገባች። ፈንታሁን ሻይ ይጠጣ ነበር። የሥራ ባልደረባው ሬሳ መስኮቱ ሥር ቢሆንም መጋረጃውን ከመዝጋት ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

«የሰርቨሩ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ማን ማን ጋ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ደግሰው፣ ወንዳወቅና እኔ ጋ። እኔን ተዪኝ፤ ለማዕረግ ያህል ነው የተሰጠኝ። ኮምፒዩተር የጸሐፊዎች ነገር ነው።»

«ደግሰው ትናንት ወይ ዛሬ አነጋግሮዎታል?»

«ሊያነጋግረኝ መጥቶ ነበር። ሥራ አለብኝ፣ ለወንዳወቅ ንገረው አልኩት።»

ብርጭቆውን ገና ከእጁ ሳያወርድ ተናኘ በሩን አንኳኳች። «ተቆረጠ» አለች።

የትናየት ሐኪሙን አስከትላ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች። በመንገዷ የካርድ ክፍሏን ቤዛን «ያንቺ ኮምፒዩተር ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይሠራል። ለምን?»

የትናየት ስክሪኑ ላይ ያለችውን የእንግሊዝኛ መስመር አነበበች። ከዚያ አንዱን ፖሊስ ወደ ወንዳወቅ ቢሮ፣ ሌላውን ወንዳወቅን እንዲጠራ ላከች።

ሁሉም በካርቶኖቹ መካከል ቆሙ። ወንዳወቅ ሰዓቱን ያያል።

«ደግሰው የጀመረውን ልጨርስላችሁ» አለች የትናየት። «ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። አሁን የተቆረጠው ግን የዚህ ግምጃ ቤት መስመር ብቻ ነው፤ ቤዛ ሥራዋን እየሠራች ነው። በሽታ አንዱን መስመር እየመረጠ፣ ያውም አልሚ ምግብ ሲመጣ ብቻ አይነሣም። የሚመርጠው ሰው ነው። ይህች እናንተ ‹ኦኬ› እያላችሁ የምታጠፏት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ ‹ግንኙነቱ በአስተዳዳሪ ትዕዛዝ ተቋርጧል› ነው የምትለው። ምዝገባ ሳያልቅ መስመሩ ከተቆረጠ የሰርቨሩ መዝገብ እንዳልተጀመረ ይቆጥረዋል። ያልተመዘገበ ካርቶን ሲያድር ቢጎድል ማን ጎደለ ይላል?»

«ደግሰው ራሱ ይሆናላ የሚቆርጠው!» አለ ወንዳወቅ።

«ደግሰው ሞቷል፤ መስመሩ ግን አሁን ተቆረጠ። ይህን ትዕዛዝ ለመስጠት የሚያስፈልገውን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል። ሲቆረጥ ዶክተር ፈንታሁን ፊቴ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጡ ነበር።»

ፈንታሁን ከወንዳወቅ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«ሲስተም ስለቆረጥኩ ሰው ገደልኩ ማለት ነው?» አለ ወንዳወቅ።

«አይደለም። የገደልከው ነገሩን ደርሶበት ስለነገረህ ነው» አለችው። አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። «ይህ ኮምፒዩተር ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በግድግዳው ውስጥ በሚያልፍ ኬብል ነው። አንቴናው ለኢንተርኔት ነው፤ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ደግሰው ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ብሎ ጣሪያ አይወጣም። አንተ ግን ከዚያች ከመቁረጫ ትዕዛዝ ሌላ ስለ ኮምፒዩተር ስለማታውቅ፣ የተቆረጠ ነገር ሁሉ አንቴና ይመስልሃል። መሰላሉ ጭቃው ውስጥ አልጠለቀም፤ ማንም አልወጣበትም። የሟቹ ጫማ ንጹሕ ነው፤ ጓሮውን በእግሩ አልረገጠውም። የሰርቨሩ ክፍል የኋላ በር ደግሞ ወደ ጓሮው ይከፈታል። እዚያ መትተኸው፣ ተሸክመኸው ወጣህ። ስለዚህ መጨቅየት የነበረበት የእሱ ጫማ ሳይሆን የአንተ ነው።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ በፌስታል የያዘውን ጥቁር ቆዳ ጫማ ከፍ አደረገ። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ ነው። አብሮት ደም የነካው የብረት ቱቦ አለ።

«ቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለ።

«ሊስትሮው ቁም ሳጥንህ ውስጥ ነው የሚሠራው?»

ወንዳወቅ ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። «ልገድለው አልነበረም... አፉን እንዲዘጋ ብዬ ነው» አለ።

«ዘጋኸዋ» አለች የትናየት። «ተነሣ ከዚያ። የሕፃናት ምግብ ነው።»

በማግስቱ የደግሰው አባት አባ ወልደ ሐዋርያት የልጃቸውን ሬሳ ሊወስዱ ከጽጽቃ መጡ። የክሊኒኩ ሰዎች ጥቁር ለብሰው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው፣ የአገራቸው ቋንቋ የኽምጣኛ ቃና ባለው አማርኛ፣ የትናየትን ጠየቋት።

«ልጄ፣ የኔ ልጅ እዚህ ሥራው ምን ነበር? ኮምፒዩተር ይለኛል፤ እኔ አይገባኝም።»

«አባቴ፣ ለሕፃናት የሚላከው ምግብ እንዳይሰረቅ ይጠብቅ ነበር።»

«ዘብ ነዋ!»

«አዎ። ዘብ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ በረንዳው ዞሩ።

«እንግዲያ ዘብ ሲወድቅ ሌላ ይቆማል። በልጄ ቦታ ማንን አቆማችሁ?»

ዶክተር ፈንታሁን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ማንም አልደወለለትም።