ሚዛኑ እምቢ ሲል

«ሚዛኑ ላይ ይውጡ ይሉዎታል» አለ አስተርጓሚው ገብረዋህድ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

«ማን? እኔ?» አለች የሸዋዬ እናት። እጇ በዱቄት እንደተለወሰ ከወጥ ቤት ተጠርታ መምጣቷ ነበር።

«አዎ፣ እትዬ ፀሐይቱ። እርስዎ።»

ሸዋዬ መጥረጊያዋን ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ጣሊያናዊቷ የቤቱ እመቤት፣ ሲኞራ፣ በሌሊት ልብሷ ሚዛኑ አጠገብ ሆና በጣቷ እየጠቆመች ትጠብቃለች።

ይሄ ሚዛን ከመጣ ወዲህ ቤቱ ሰላም አጥቷል። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ አምስተኛው ክረምት ነው፤ ካዛንቺስ ላይ ለራሱ ሠራተኞች ከሠራቸው የድንጋይ ቤቶች አንዱ የሲኞራና የባሏ ነው። በወሩ መጨረሻ ትልቅ ግብዣ አለ። ሲኞራ ለግብዣው ከአገሯ ያስመጣችው ቀሚስ ወገቧ ላይ አልዘጋ ስላላት ከፓስታና ከዳቦ ተቆራረጠች። መጀመሪያ ላይ ክብደቷ ሲቀንስላት ጊዜ እየዘፈነች ነበር የምትውለው። ከዚያ የሚዛኑ መርፌ አንድ ቦታ ላይ ግትር አለ። በሰላጣና በሾርባ ብቻ ዋለች፤ ንቅንቅ የለም። እራት ተወች፤ ንቅንቅ የለም። ስለዚህ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረች።

ሰው ዱቄት አጥቶ በሚንከራተትበት ከተማ፣ አንዲት ሴትዮ አልከሳ ስላለች ቤት ሙሉ ሰው ይንቀጠቀጥ? ሸዋዬን የሚያንገበግባት ይሄ ነው።

እናቷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ሲኞራ ላይ ከቆመበት ቁጥር አልፎ ሄደ። ሲኞራ አጨበጨበች፤ ከዚያ መጮህ ጀመረች።

ገብረዋህድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ… ‹እጾማለሁ እያልሽ እንዲህ የወፈርሽው ከወጥ ቤቴ እየሰረቅሽ ነው› ይላሉ። ‹እኔ እንዳልከሳም ሾርባዬ ውስጥ ቅቤ ትጨምሪያለሽ› ነው የሚሉት።»

«ቅቤ? እኔ? አትጨምሪ ካሉኝ ጀምሮ ዕቃውን ከፍቼውም አላውቅ!»

ሸዋዬ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እናቷ ድሮም ደልደል ያለች ናት፤ በጾምም በፍስክም ያው ናት። እነሱ በሚኖሩበት ቂርቆስ ሰፈር ይሄ ያስመሰግናል እንጂ አያስከስስም።

ሲኞራ ወጥ ቤት ገብታ ለምሳ ከተሠራው የአጥንት ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

«‹ቅቤ ከሌለበት አንቺው ጠጪልኝ› ይላሉ።»

እናቷ ከሚዛኑ ወርዳ ወደኋላ አፈገፈገች። «ሥጋ ነው እኮ! ፍልሰታ ነው፣ አልጠጣም። ንገርልኝ፣ ገብረዋህድ፣ ጾም ነው በልልኝ።»

ገብረዋህድ ነገራት። ሲኞራ ሳቀች። ‹የጨመረችውን ስለምታውቅ ነው የፈራችው› አለች። ጾም እንዲህ በቀላሉ የማይገደፍ ነገር መሆኑ በጭራሽ አልገባትም፤ እንዲገባትም አልፈለገችም።

«‹ወይ ትጠጣ፣ ወይ ዛሬውኑ ትውጣ። በዚህ ሰፈርም የሚቀጥራት እንዳይኖር አደርጋለሁ› ይላሉ» አለ ገብረዋህድ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ በቃ ፉት ይበሉትና ይለፍ። ለንስሐ አባትዎ ይነግሯቸዋል። እግዜር መች ያጣዋል?»

እናቷ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተከለች። የሸዋዬ አባት ከማይጨው ሳይመለስ ስለቀረ ቤት ያሉትን ሁለት ሕፃናት የምታበላቸው እሷው ናት። አራስ ሆና፣ ቄሱ ፈቅደውላት እንኳ፣ ፍልሰታን ገድፋ አታውቅም። አሁን ግን እጇን በሽርጧ ጠረገችና ሳህኑን ተቀበለች።

የሸዋዬ ደም ፈላ።

«እማዬ፣ ተይው!» አለች። «ጋሽ ገብረዋህድ፣ ንገራት። ከሰዓት ከሰዓት ‹መድኃኒቴን አምጪ› የምትለኝ ምንድን ነው በላት። እኔ አይደለሁ እንዴ የእንቁላል አስኳል በስኳር የምመታላት? ጣፋጭ ወይን የምጨምርበት? እኔን አይደል አንዱን ብርጭቆ ጨርሳ ሌላ ድገሚኝ የምትለው? በምን ትክሳ ታዲያ?»

«አብደሻል? ይሄንንማ አልተረጉምም።»

ሸዋዬ ራሷ ተናገረችው። ወጥ ቤት ውስጥ የለቃቀመችው ጣሊያንኛ ነው፤ ተሰባብሮ ይውጣ እንጂ ወጣ። «እንቁላል! ስኳር! ወይን! በየቀኑ! የምሠራው እኔ!»

የሲኞራ ፊት ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። ሸዋዬም እውነቱ የገባት መስሏት ነበር።

«እሱ መድኃኒት ነው!» አለች ሲኞራ በመጨረሻ። «ሐኪም ያዘዘው!» ከዚያ እንደገና ወደ ሳህኑ ጠቆመች።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ለካ እውነት ቢነገራትም ለውጥ የለውም፤ የቤቱም የሚዛኑም ባለቤት እሷ ናት። ሸዋዬ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፣ በንዴት። ግን እዚህች ሴትዮ ፊት አላለቅስም አለች። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ሳህኑን ከእናቷ እጅ ወስዳ፣ ሳታፈስ፣ ወለሉ ላይ አኖረችው።

«ልጆቹስ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ልብስ አጥባለሁ። ለገሃር ዕቃ እሸከማለሁ። አንቺ ግን ይሄን አትጠጪም።»

እናቷ ትኩር ብላ አየቻት። ሲኞራ አሁንም እየጮኸች ነው፤ ገብረዋህድ ግን መተርጎሙን ትቷል። እናቷ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

ገብረዋህድ እስከ አጥሩ በር ሸኛቸው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል።

«ነገስ ምን ልትበሉ ነው?» አላት ሸዋዬን።

«ነገማ ጾም ነው።»

የምር ነው የመለሰችለት። እሱም አልሳቀም፤ በሩን ከፈተላቸው። መንገዱ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ሸዋዬ እናቷን ወደ ቂርቆስ ሸኘቻትና ብቻዋን ወደ ለገሃር ታጠፈች።