ማስነሻው ፍላሽ እና የሟች ቃል

አዛውንቱ ራዲዮ ጠጋኝ ሥራ ክፍላቸው ውስጥ ሞተው የተገኙት ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ «ሴት ልጄ አስመርራኛለች። በገዛ እጄ ሄጃለሁ።» ሐኪሙ የልብ መድኃኒታቸውን ከልክ በላይ ከሻዩ ጋር መጠጣታቸውን ተናገረ። መድኃኒቱን ዘወትር የምትሰጣቸው ታናሺቱ ልጃቸው ናት። ከዚያ በኋላማ ማን ይጠይቃል! ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቀን ዳኛ ሆነና «አባቷን የበላች» አላት።

መርማሪዋ በማግስቱ መጣች። አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን አያርፍም። ኮምፒውተሩ ጎን ላይ የተሰካ ፍላሽ አየች፤ በተለጠፈበት ወረቀት ላይ «ማስነሻ፣ ተሞክሯል» ይላል። አጠገቡ ሀርድ ዲስክ ተሰክቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአባዬ ነው» አለች ታናሺቱ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲለው በፍላሹ ያስነሳና ባክአፑን፣ ማለት ቀድሞ የገለበጠውን የኮምፒውተሩን ሙሉ ቅጂ፣ ከሀርድ ዲስኩ ይመልሳል። ፍላሹን በሠራ ቁጥር ይሞክረዋል፤ ‹ያልተሞከረ ፍላሽ የአንገት ጌጥ ነው› ይል ነበር። ያን ቀንም ቫይረስ ገብቶበት መመለስ ሲጀምር ትቼው ሥራ ሄድኩ።»

«ፓስዎርዱን ታውቂዋለሽ?»

«አዲሱን አዎ። ባለፈው ሳምንት ሲቀይረው ነግሮኛል። ዛሬ ብሞክረው ግን እምቢ አለኝ።»

ቀጥሎ ታላቅ ወንድሟ ክራባቱን እያስተካከለ ገባ። ሬሳውን አግኝቶ ፖሊስ የጠራው እሱ ነው።

«ስመጣ ሞቶ አገኘሁት» አለ።

«ኮምፒውተሩን ትከፍተው ነበር?»

«ድሮ! ፓስዎርዱን ያወጣሁለት እኔ ነበርኩ። የቤቱን ካርታ ቅጂ ልትሰርቅ ገባህ ብሎ ቀየረብኝ።»

«የድሮውን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከአባዬና ከእኔ በቀር ማንም።»

«ካርታውን ምን ሊያደርግልህ?»

«ቤቱን እንሽጠው አልኩ፣ እምቢ አለ። ይሄ ወንጀል ነው?»

እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው መሐረባቸውን ይጠመዝዛሉ። «እኔ ማድቤት ነበርኩ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ነግሮኛል። ሀርድ ዲስኩ ደግሞ ባክአፑ ተመልሶ ያለቀው ከዚያ በኋላ መሆኑን መዝግቧል። እየተመለሰ ሳለ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይጻፍም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ቢኖርም ተጠርጎ ይጠፋል። ታዲያ ይህን ጽሑፍ ማን ጻፈው? ሬሳው?»

መርማሪዋ ፍላሹን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ባክአፑ የተገለበጠው ባለፈው ወር ነው፤ ፓስዎርዱ የተቀየረው ደግሞ ባለፈው ሳምንት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የተመለሰው ከነድሮው ፓስዎርዱ ነው። አዲሱን እኔም ሞክሬው አልከፈተልኝም። ጽሑፉን የጻፈው የድሮውን የሚያውቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው።» ወንበሩን ለታላቁ ሳበችለት። «እስቲ የድሮውን ጻፍልኝ።»

«ተቀይሯል አልኩዎት እኮ!»

«ከተቀየረማ አይከፈትም። ምን አስፈራህ?»

እጁ ከኪሱ አልወጣም። እሳት አመድ ይወልዳል አሉ፤ ያን ያህል ጥንቁቅ አባት ይሄን ወልዶ ኖሯል።

«በቃ!» አሉ እናትየው ድንገት። «ሻዩን ያፈላሁት እኔ፣ ይዞለት የገባው እሱ። በመስኮት አየሁት። አባቱ መሬት ላይ ወድቆ፣ እሱ ተቀምጦ ሲጽፍ አየሁት!»

ታናሺቱ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አይተሽ ነው ዝም ያልሽው? ሰፈሩ ሁሉ ሲተፋብኝ?»

«ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን ደግሞ በምን አንጀቴ አሳልፌ ልስጥ? አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

ወንዱ ልጅ በካቴና ሲወጣ እናትየው ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ እያለቀሱ ተከትለውት ሮጡ።