«እኔን» ያልኩበት ቀትር

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በቤቴ የደረሰውን ነው የምናገረው። ቁስቋም ማርያም ቁልቁለቱ ላይ፣ ባለፈው ግንቦት፣ በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

የምጽፍላችሁ በልጄ ስልክ ነው፤ ጣቴ የሚታዘዝልኝ እሱ ላይ ብቻ ነው። ቶሎ ልጨርስ... እነሱ ምሳ እየበሉ ነው።

ልጄ ትሕትና ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ታክሲ ስትሳፈር የሚገለበጥባት፣ ስታስነጥስ የምትሞትብኝ የሚመስለኝ እናት ነኝ።

የዚያን ቀን ከክፍሏ ስትወጣ ደፉ አደናቀፋት።

«እኔን!» አልኩ።

ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! አንቺ እኮ ገና ሳልወድቅ ነው እኔን የምትይው።»

ከዚያ ቆም አለች። መምህራቸው፣ ወደ እንግሊዝኛ አልመለስ የሚል የአማርኛ ቃል አምጡ ብለዋቸው ነበር።

«ግን ምን ማለትሽ ነው?»

«አንቺን ትቶ እኔን ይውሰደኝ ነዋ።»

«ማን?»

«እ... ማንም። ዝም ብሎ ይባላል።»

«እንግሊዝኛ ላይ ዝም ብሎ አይባልማ! ባለቤት ይፈልጋል። የሚወስድሽ አካል መኖር አለበት።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ትርጉሟን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ እየደጋገመች ስታነብ ይሰማኛል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች...

ባለቤቱ የጎደለበት ቦታ።

የጎረቤት ውሻ ጩኸቱን አቋረጠ። ዝንቦቹ እንኳ ዝም አሉ።

«ኤጭ! ማነው ባለቤቱ?» አለች ለራሷ።

«እኔ።»

የወንድ ድምፅ ነው። ከውስጥ...

በሩን በረገድኩት። ልጄ ብቻዋን ናት። ጉሮሮዋን ይዛለች። አፏ ይንቀሳቀሳል... ድምፅ የለም።

ሐኪም ቤት «ምንም የለባትም» አሉኝ። ጠበል ወሰድኳት። ልጄ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። በየቀኑ ትንፋሿ እያጠረ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ መጣ።

አንድ ቀን፣ እንደዚያው ቀትር ላይ፣ መተንፈስ አቃታት። አይኗ ተገለበጠ።

አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ። በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ አልነበረም የምለው። ማን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።

«እኔን» አልኩ በሹክሹክታ። «አንተን ነው የምልህ... ባለቤቱን። እሷን ተው። እኔን።»

«እሺ።»

ጆሮዬ ሥር ነው ያለው።

ትሕትና ትንፋሿን ሳበች። ቀና አለች። «እማዬ!»

ወዬ ልላት አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

እጄን ዘረጋሁላት። አይኗ እኔ ላይ አላረፈም... እኔን አልፎ በሩን ያያል።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ወዬ ልጄ!» አለ ከማድ ቤት... የገዛ ድምፄ።

ልጄ እያለቀሰች ከአልጋዋ ወርዳ ወደዚያ ሮጠች። ልይዛት ሞከርኩ፤ እጄ ምንም አልጨበጠም።

ደፉ ጋ ደረሰች። እግሯ ገና አልነካውም...

«እኔን!» አለች፣ በማድ ቤት ያለችው።