ቃል ያለው ዘፈን

ተርጓሚው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቆ ሲገኝ ዘፈኑ ገና አልቆመም ነበር። አንዲት ሴት በባዕድ ቋንቋ ታዜማለች፤ ስትጨርስ ማጫወቻው እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምራታል። መርማሪው ማንም እንዳያጠፋው አዘዘና በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ብለው ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ አስቦ ነው የሚመልሰው።

ሐኪሙ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጭንቅላታቸውን የጠረጴዛው ማዕዘን መቷቸዋል። ከቀትር በኋላ ነው የወደቁት። ግን ወዲያው አልሞቱም፤ ለሰዓታት ነፍስ ነበራቸው። ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር።»

መርማሪው አንገቱን ነቀነቀ። የሽማግሌው ቀኝ እጅ እርሳሱን እንደጨበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት አረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቋርጧል። ከወረቀቱ ላይ ማቀፊያ የሌለው የፒያኖ ሲዲ በግንባሩ ተደፍቷል። የቀሩት ሲዲዎች መደርደሪያው ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲዲ እንዲህ አይጥልም።

መጀመሪያ ያነጋገራት የተርጓሚውን የእጅ ጽሑፍ ስትተይብ ያረጀችውን ሴት ነበር።

«ትናንት ከእሳቸው ጋር ስትጨቃጨቁ ተሰምቷል።»

«ከጋሼ ጋር የማልጨቃጨቀው እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ሥራ አልገባም» አለች፤ ፈገግ ልትል ሞክራ እንባዋ ቀደማት። «ዛሬም ተጨቃጭቀን ነው እኩለ ቀን ላይ የወጣሁት።»

«ሁልጊዜ በሙዚቃ ነው የሚጽፉት?»

«ያለሱ እርሳስ አያነሱም። ሲተረጉሙ ፒያኖ፣ ሲያርሙ ዋሽንት። ዘፈን ከተከፈተ ግን እርሳሱን ያስቀምጣሉ። የሰው ቃል እየሰማሁ የራሴን ቃል መፈለግ አልችልም ይሉ ነበር።»

«ይሄኛው እኮ ባዕድ ቋንቋ ነው።»

«ለእርስዎ ነው ባዕድ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህ ቋንቋ ነው የተረጎሙት። ልጃቸውንም አስተምረዋታል። እኔም ስተይብ ለምጄዋለሁ።»

ቀጥሎ የልጃቸው ባል ገባ። ለሒሳብ አዋቂነት ፈተና የሚዘጋጅ፣ ትከሻው የጎበጠ ጎልማሳ ነው። የሚያጠናው ከተርጓሚው ክፍል ጎን፣ ከአንድ ስስ ግድግዳ ወዲያ ነው።

«እርስዎም በሙዚቃ ነው የሚያጠኑት?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ጸጥታ እንቅልፍ ያመጣብኛል። ቋንቋውን የማላውቀው ዘፈን እመርጣለሁ፤ ቃሉ ስለማይገባኝ ዜማ ብቻ ነው፣ አይረብሸኝም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ... ያለ ሙዚቃ ነው ያጠናሁት።»

ልጅቷ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። «የቤታችን ደንብ ነው» አለች። «ከክፍሉ ሙዚቃ ከተሰማ ማንም አያንኳኳም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ሄድኩ፤ ሙዚቃውን ስሰማ ተመለስኩ። ሲመሽ ነው ጨንቆኝ በሩን የከፈትኩት።» ሌላም ነገር አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ብገባ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መርማሪው መልሱን እያወቀ ዋጠው። አንጀቱን በላችው።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ተርጓሚው ሲወድቁ ሥራ ላይ ነበሩ» ብሎ ጀመረ። «እርሳሱ ከእጃቸው አልወጣም። ስለዚህ ተከፍቶ የነበረው ፒያኖው ነው፤ ዘፈኑን የከፈተው ከወደቁ በኋላ የገባ እጅ ነው። ለምን? ሥራ ላይ ናቸው ተብሎ ማንም እንዳያንኳኳ። የቤቱን ደንብ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ግን ሁለታችሁ ይህን ቋንቋ ትሰማላችሁ፤ በዚህ ዘፈን እንደማይጽፉ ታውቃላችሁ። ማታለል ብትፈልጉ ፒያኖውን ትተዉት ነበር። ዘፈኑ ለሥራ የሚሆን ዜማ ብቻ የሚመስለው ቃሉ ለማይገባው ሰው ነው። ዛሬ ያለ ሙዚቃ ያጠናውም ሲዲው እዚያ ክፍል ስለቀረ ነው።»

ባልየው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«በግድግዳው እየሰማሁት ሥራ አቃተኝ ብለው ሲዲዬን ወስደውብኝ ነበር» አለ። «ላስመልስ ገባሁ። ፈተናውን ሁለቴ ወድቀሃል፣ በዚህ ጩኸት ሦስተኛ ጊዜም ትወድቃለህ አሉኝ። ሲዲውን ሳነሳ በግራ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ፤ ገፋኋቸው። ልጥላቸው ብዬ አልነበረም። የሞቱ መሰለኝ፣ ደነገጥኩ። ፒያኖው ሊያልቅ ነበር፣ የራሴ ሲዲ እጄ ላይ ነበር፤ ማንም እንዳያንኳኳ እሱን እንዲደጋግም ከፈትኩት... ከዚያ መጽሐፌን ገልጬ ዘፈኑን በግድግዳው ስሰማው ዋልኩ።»

ሚስቱ አላየችውም። መርማሪውን ነበር የምታየው።

«ዘፈን መሆኑን ሰምቼ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ቃሉም ገብቶኛል። አባዬ በዘፈን እንደማይጽፍ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን አርፎ አያውቅም። ዛሬ እርሳሱን አስቀመጠ፣ ትንሽ ሊያርፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዳልረብሸው ጫማዬን አውልቄ ነው የተመለስኩት።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ብገባ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የሐኪሙ ቃል አንድ ቀን ችሎት ፊት መነበቡ አይቀርም፤ መርማሪው ያውቃል። ቢሆንም ያን ምሽት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳያስብ መለሰ።

«አይተርፉም ነበር፣ ልጄ» አላት።