ሕመም የማያውቀው እግር

ጋሼ ካሳሁን ሸዋ ሮቢት ዳር፣ በማንጎ እርሻቸው ውስጥ ባለው ቤታቸው፣ ጄሶ የታሰረ ቀኝ እግራቸውን ትራስ ላይ እንዳሳረፉ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ሐይማኖት ስትደርስ የወንድማቸው ልጅ ኪሩቤል በጎረቤታቸው በከዲጃ ላይ ይጮሃል።

«እሷ ናት! ከሷ እጅ በቀር ከማንም አይበሉም። መርዛቸዋለች!»

ከዲጃ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ሰው ሁሉ ሸሽቷታል። ሐይማኖትን አንጀቷን በላቻት፤ ግን ሥራ ሥራ ነውና ጠየቀቻት።

«ምን ያበሏቸው ነበር፣ እትዬ ከዲጃ?»

«ወላሂ ሽሮ ነው! የኛን ሥጋ አይበሉም፤ ሁሌ የጾም ነው የማመጣላቸው። ሰሞኑን እሱንም ቀምሰው ይተዉታል። በዚህ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ ይሉኛል።»

«አንተስ ማታ የት ነበርክ?» አለችው ኪሩቤልን።

«እዚሁ አጠገባቸው! እግሬን እግሬን እያሉ ሲያቃስቱ አደሩ፤ ዓይኔን አልከደንኩም።»

ሐይማኖት ወደ ውስጥ ገባች። ቤቱ ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሮበታል። ጄሶው ከመስፋቱ የተነሳ ጣቷ ዘው ብሎ ገባ። ሽታው አፍንጫዋን አስያዛት።

ጄሶውን የሠራችው ነርስ ሮማን ተጠርታ መጣች።

«በየሳምንቱ ተከፍቶ መታየት ነበረበት» አለች። «እብጠቱ ሲቀንስ ጄሶው ይሰፋና ቆዳውን ይፍቃል። የእግሩን ሙቀትም ከጤነኛው እግር ጋር እናስተያያለን። እሳቸው ግን አልተመለሱም። ቤታቸው ልሄድ ስል ኪሩቤል ደብረ ብርሃን እየታዩ ነው አለኝ።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት እንደመጣ ሐይማኖት ሦስቱን ከማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበች።

«መርዝ የለም» አለች። «ጄሶው ሥር አጥንት የደረሰ ቁስል ተገኝቷል። መርቅዞ ወደ ደማቸው ገብቷል። ያንቀጠቀጣቸውም፣ ምግብ የዘጋቸውም እሱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ኪሩቤል።

«ሲያቃስቱ አደሩ ብለኸኛል። ሲስተር፣ ያ እግር ያማቸው ነበር?»

ሮማን ራሷን ነቀነቀች። «አያማቸውም፤ የስኳር በሽታቸው የእግሩን ነርቭ ገድሎታል። አጥንቱ ሲሰባበር እንኳ አይሰማቸውም። ጄሶ ያሰርነውም ሳይታወቃቸው እንዳይረግጡበት ነው።»

«አብሯቸው ያደረ ሰው ይህን ያውቃል» አለች ሐይማኖት። «አንተ፣ በሽተኛ ሁሉ ያቃስታል ብለህ ገመትክ። አልነበርክም፤ ያለው አንድ ወንበር እንኳ ልብስ እንደተከመረበት ነው። ነርሷንም በውሸት መለስካት። የማንጎ እርሻው ላንተ እስኪቀር ነበር የምትጠብቀው።»

ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አላሰብኩም» አለ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

ከዲጃ ነጻ ብትወጣም ደስ አላላትም።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ እጠይቃቸው ነበር» አለች። «ኪሩቤል ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፣ ማታም አብሮኝ ያድራል ይሉኝ ነበር። ምነው ዋሹኝ?»

«አፍረው ይሆናላ፣ እትዬ። ሰው የለኝም ማለት ከብዷቸው።»

ከዲጃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ምናለ ቢሉኝ» አለች። «እኔ ነበርኩላቸው እኮ።»